ፓይና የባቡር መንኰራኵር

ናጋድ በጅቡቲ ከተማ የሚገኝ የባቡር ጣቢያ ነው። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢትዮጵያና የጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር መስመር ከአዲስ አበባ አካባቢ ተነሥቶ ጅቡቲ እስኪደርስ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል። አንድ ባቡር የተጓዘውን ርቀት ለማወቅ ከሚያገለግሉት ዘዴዎች አንዱ መንኰራኵሩ ስንት ጊዜ እንደ ዞረ መቍጠር ነው። ይሁን እንጂ የዙሩ ብዛት ብቻውን ርቀትን አይነግረንም። መንኰራኵሩ አንድ ጊዜ ሲዞር ምን ያህል ወደ ፊት እንደሚሄድም ማወቅ ያስፈልጋል። ለዚህ የሚረዳን ፓይ የተባለው ቍጥር ነው።

ፓይ ምንድን ነው? አንድ ሰፌድ ወስደን ዙሪያውን በገመድ እንለካ። ቀጥሎም በመካከሉ አልፎ ከዳር እስከ ዳር ያለውን ርዝመት፣ ማለትም ዲያሜትሩን፣ እንለካ። ዙሪያውን ለዲያሜትሩ ብናካፍለው ውጤቱ ከሦስት ጥቂት ይበልጣል። በሰፌዱ ፈንታ የብርጭቆ አፍ ወይም የመኪና ጎማ ብንለካም ውጤቱ ያው ነው። ይህ በክብ ሁሉ ዘንድ የማይለወጥ ቍጥር ፓይ ይባላል።

ፓይ በአስርዮሽ ሲጻፍ 3.14159 ብሎ ይጀምራል፤ አኀዞቹ ግን ማለቂያ የላቸውም። በሁለት ሙሉ ቍጥሮች ክፍልፋይም በትክክል ሊገለጥ አይችልም። ስለዚህ ሰዎች ከጥንት ጀምሮ በግምት ሲጠቀሙ ኖረዋል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት የነበረው ግሪካዊው አርኪሜዴስ ፓይ ከ223/71 እንደሚበልጥና ከ22/7 እንደሚያንስ አረጋገጠ። ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ5ኛው መቶ ዓመት ደግሞ ቻይናዊው ዙ ቾንግዢ 355/113 የተባለውን ይበልጥ የተጠጋ ግምት አገኘ።

እነዚህ ግምቶች ምን ያህል እንደሚለያዩ በምሳሌ እንመልከት። ዲያሜትሩ 1 ሜትር የሆነ መንኰራኵር ወደ ናጋድ ሲጓዝ 240,000 ጊዜ ዞረ እንበል። ትክክለኛው ርቀት 753,982 ሜትር ያህል ነው። ፓይን 3 ብለን ብናሰላ 720,000 ሜትር ብቻ እናገኛለን፤ በስሌታችን መሠረት ባቡሩ ከጣቢያው 34 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በረሓ ላይ ቀረ ማለት ነው። በ3.14 ብናሰላ ውጤቱ በ380 ሜትር ያህል ያንሳል፤ በ22/7 ብናሰላ በ300 ሜትር ያህል ይበልጣል። በ355/113 ብናሰላ ግን ስሕተቱ ከ7 ሳንቲ ሜትር አይበልጥም።

እንግዲያው ሁልጊዜ በ355/113 መጠቀም ይገባልን? አይደለም። መንኰራኵር በአገልግሎት ብዛት ከሐዲዱ ጋር እየተፋተገ ያልቃል። ዲያሜትሩ በ1 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢቀንስና እኛ ይህን ሳናውቅ ብናሰላ፣ በዚሁ ጉዞ ላይ 754 ሜትር ያህል እንሳሳታለን። ይህ ስሕተት በ22/7 ወይም በ3.14 ከሚደርሰው ስሕተት በእጥፍ ገደማ ይበልጣል። ልኩ ሻካራ ከሆነ የፓይን አኀዞች ማብዛት ትክክለኛነትን አይጨምርም።

ከዚህ እንደምንረዳው ጥሩ ግምት ማለት ብዙ አኀዝ ያለው ሳይሆን ለሥራው የሚበቃው ነው። ለሰፌድ 22/7 ይበቃል። ለረጅም ጉዞ ግን ከሁሉ አስቀድሞ መንኰራኵሩን በጥንቃቄ መለካት፣ ከዚያም ለልኩ የሚመጥነውን ግምት መምረጥ ይገባል።