የማቀዝቀዣ መኪና ማጣሪያ ስለሚሰጠው ጥቅም

(በሬዲዮ ከተሰጠ ንግግር የተወሰደ)



ዛሬ ልነግራችሁ ያሰብሁት መልኩ ሲታይ ታናሽ፥ ዋጋው ሲጠየቅ ርካሽ፥ ጥቅሙ ሲመረመር ግን ትልቅ ስለ ሆነ አንድ ዕቃ ነው። ይኸውም በፋብሪካዎችና በማቀዝቀዣ መጋዘኖች በሚሠራው ባለ ብሎን ኮምፕሬሰር ላይ የሚገባው ማጣሪያ ነው። «ይህ የመካኒክ ጉዳይ ነው፤ እኛን የጽሕፈት ቤት ሰዎችን ምን ያገባናል?» የሚል ቢኖር አይፈረድበትም። ነገር ግን የዕቃ መጠየቂያው ቅጽ የሚያልፈው በእኛ ጠረጴዛ ላይ ስለ ሆነ፥ የምንፈርምበትን ወይም የምናቈየውን ነገር ማወቅ ይገባናል።

አስቀድመን ቅዝቃዜ እንዴት እንደሚገኝ እንመልከት። በመዳፋችን ላይ ጥቂት አልኮል ብናፈስ ወዲያው ይበርደናል። ምክንያቱም አልኮሉ ወደ ተን ሲለወጥ የሚያስፈልገውን ሙቀት ከእጃችን ስለሚወስድ ነው። የማቀዝቀዣ መኪናም የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው። በታላላቅ መጋዘኖች ዘንድ የተለመደው አሞንያ በባሕር ወለል የአየር ግፊት ከዜሮ በታች በ33 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል። ስለዚህ ሥጋው፥ ወተቱ ወይም ቢራው ካለበት ክፍል ሙቀትን እየሳበ ይተናል። ተኑንም ኮምፕሬሰሩ ስቦ ይጨምቀዋል። ተጨምቆ የጋለው ተን በኮንዴንሰሩ ውስጥ ሙቀቱን ለውሃ ወይም ለውጭ አየር አስረክቦ ፈሳሽ ይሆናል፤ ፈሳሹም በጠባብ ቫልቭ አልፎ ግፊቱ ሲወርድ እንደ ገና ወደ መጀመሪያው ሥራው ይመለሳል። እንግዲህ ኮምፕሬሰሩ ለዚህ ዑደት እንደ ልብ ነው ማለት ነው።

ስለ ባለ ብሎኑ ኮምፕሬሰር አሳብ ቀደም ብሎ፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1878 ዓ.ም. ሃይንሪኽ ክሪጋር የተባለ ጀርመናዊ ፓተንት አውጥቶበት ነበር። መኪናው ለሥራ የበቃው ግን ከ1930ዎቹ ጀምሮ በስዊድናዊው መሐንዲስ በአልፍ ሊሾልም ድካም ነው። በውስጡ እንደ ብሎን የተጠማዘዙ ሁለት ዘንጐች አሉ፤ አንደኛው ወንዴ፥ ሁለተኛው ሴቴ ይባላል። ብዙውን ጊዜ ወንዴው 4 ወይም 5 ጥርሶች፥ ሴቴው 6 ወይም 7 ቦዮች አሉት። ሁለቱ እየተጠላለፉ ሲዞሩ ተኑ በመካከላቸው ተይዞ፥ ቦታው እየጠበበበት ሄዶ በመጨረሻ ተጨምቆ ይወጣል። የአገራችን የኤሌክትሪክ ኀይል በሰከንድ 50 ዑደት ያለው ስለ ሆነ፥ ባለ ሁለት ዋልታ ሞተር በቀጥታ ሲያዞረው ወንዴው ዘንግ በደቂቃ ወደ 3,000 ጊዜ ይዞራል።

በዚህ ፍጥነት የሚዞሩት ዘንጐች በመካከላቸው ያለው ክፍተት በሚሊሜትር መቶኛ የሚቈጠር ነው። የአንድ የራስ ጠጉር ውፍረት እንኳ ከዚህ ክፍተት ጋር የሚወዳደር ነው። ታዲያ በዚህ ቀጭን መንገድ የብየዳ ፍርፋሪ፥ የዝገት ቅርፊት ወይም የብረት ብናኝ ቢገባ ምን እንደሚደርስ መገመት አያዳግትም። ዘንጉ ይጫጫራል፤ በተጫጫረው በኩል ተኑ ወደ ኋላ ያመልጣል፤ ኩሽኔታውም ይበላል።

ቈሻሻው ከወዴት ይመጣል? የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። ቧንቧው ሲበየድ በውስጡ ፍርፋሪ ይቀራል፤ ብረቱም በእርጥበት ምክንያት ይዝጋል፤ የሚፋተጉት ክፍሎችም ብናኝ ያወጣሉ። የቡና አፍይ አተላው ወደ ስኒ እንዳይወርድ በጀበናው አፍ ማጥለያ እንደምታደርግ ሁሉ፥ መሐንዲሶችም በልዩ ልዩ ስፍራ ማጣሪያ አኑረዋል።

የመጀመሪያው ተኑ ወደ ኮምፕሬሰሩ ከመግባቱ በፊት የሚያልፍበት፥ ከማይዝግ ብረት የተሠራ ወንፊት ነው። መኪናው አዲስ በተተከለ ጊዜ በዚህ ወንፊት ውስጥ ለጥቂት ጊዜ የሚቈይ ደቃቅ የጨርቅ ማጣሪያ ይጨመርበታል። ይህ ጨርቅ የመጀመሪያውን ጥራጊ ከያዘ በኋላ መውጣት አለበት፤ ተረስቶ ቢቀር ተቀድዶ ራሱ ወደ ኮምፕሬሰሩ ሊገባ ይችላልና።

ሁለተኛው የዘይት ማጣሪያ ነው። በዚህ ዓይነት ኮምፕሬሰር ዘይት ሦስት ሥራ አለው፤ ኩሽኔታውን ያለሰልሳል፥ በዘንጐቹ መካከል ያለውን ክፍተት ይደፍናል፥ በመጭመቅ የመጣውንም ሙቀት ይወስዳል። ዘይቱ ከቈሸሸ ሦስቱም ሥራዎች ይበላሻሉ።

ሦስተኛው ፍሎሪን ባለባቸው ማቀዝቀዣ ጋዞች በሚሠሩ መኪናዎች ላይ በፈሳሹ መንገድ የሚገባው ማጣሪያና ማድረቂያ ነው። ይህኛው ቈሻሻን ብቻ ሳይሆን እርጥበትንም ይይዛል። እርጥበት በጠባቡ ቫልቭ ላይ በረዶ ሆኖ መንገድ ይዘጋል፤ ከዘይቱም ጋር ተዋሕዶ አሲድ በመፍጠር የሞተሩን ሽቦ ሽፋን ይበላል። አሞንያ ግን ውሃን በራሱ ውስጥ ስለሚያሟሟ ይህ ማድረቂያ በአሞንያ መኪናዎች ላይ የተለመደ አይደለም።

«እንዲህ ከሆነ ማጣሪያው በደቀቀ ቍጥር ይሻላል» ብሎ ማሰብ ግን ስሕተት ነው። የደቀቀ ወይም የተደፈነ ማጣሪያ የተኑን መንገድ ያጠብባል። ለምሳሌ አሞንያ ከዜሮ በታች በ30 ዲግሪ ሲተን ፍጹም ግፊቱ 1.2 ባር ያህል ነው። በተደፈነው ወንፊት ምክንያት ከዚህ ላይ 0.1 ባር ብቻ ቢጠፋ፥ ኮምፕሬሰሩ የሚስበው የተን ክብደት ከመቶ 8 ያህል ይቀንሳል። ዘንጐቹ ይዞራሉ፥ የኤሌክትሪክ ሒሳብ ይከፈላል፤ የሚገኘው ቅዝቃዜ ግን ጐድሏል። ስለዚህ ብልኅ መካኒክ ከማጣሪያው በፊትና በኋላ ያለውን ግፊት እያስተያየ በመዝገብ ይጽፋል፤ ልዩነቱ የመኪናው ሠሪ ከወሰነው ሲያልፍ ማጣሪያውን ያጸዳል ወይም ይለውጣል።

በዚህ ነገር ራሴ ከተማርሁት አንዱን ልንገራችሁ። ከዓመታት በፊት በአንድ መሥሪያ ቤት የግዢ ጸሐፊ ሳለሁ፥ ለማቀዝቀዣው መኪና የሚሆኑ ማጣሪያዎች እንዲገዙ የሚጠይቅ ወረቀት ደረሰኝ። የዕቃው ዋጋ ጥቂት ስለ ነበር ነገሩም ጥቂት መሰለኝ፤ «ለሚመጣው በጀት ዓመት ይቈይ» ብዬ ጻፍሁበት። ሽማግሌው መካኒክ ሁለት ጊዜ ተመላልሰው ጠየቁኝ፤ ሁለት ጊዜም በትሕትና መለስኋቸው። የተቀደደው አሮጌ ወንፊት በቦታው ቀረ። ከጥቂት ወራት በኋላ ኮምፕሬሰሩ በሌሊት ቆመ፤ መለዋወጫው ከውጭ አገር እስኪመጣ ድረስ አንድ ሙሉ ክፍል ሥጋ ተበላሽቶ ተቀበረ። በማግስቱ ሽማግሌው ከዘንጉ የተፋቀውን የብረት ብናኝ በወረቀት ጠቅልለው አመጡና በጠረጴዛዬ ላይ አኖሩት። «ልጄ፥ ያች ወረቀት ይህን ሆነች» አሉኝ፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም። እኔም የምመልሰው አጣሁ።

የሚጐዳው ገንዘብና ምግብ ብቻም አይደለም። ከተሰበረ መኪና የሚያመልጥ አሞንያ ዐይንንና ሳንባን ያቃጥላል፥ ሲበዛም ይገድላል። ስለዚህ የማጣሪያውን ቤት የሚከፍተው ሥራውን የተማረ፥ ቫልቮቹን የዘጋ፥ ጋዙን ያስወጣና የመተንፈሻ ጭንብል ያዘጋጀ ሰው ብቻ መሆን አለበት። ሃይድሮፍሎሮካርቦን የሚባሉት ጋዞች ደግሞ ወደ አየር ሲወጡ ምድርን ስለሚያሞቁ፥ መንግሥታት በ2016 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በኪጋሊ ተሰብስበው ቀስ በቀስ ሊቀንሷቸው ተስማምተዋል።

ክቡራን አድማጮቼ፤ አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእሳት ብቻ አይደለም። ነገ በጠረጴዛችን ላይ አንድ ታናሽ የዕቃ መጠየቂያ ሲቀርብ፥ የዋጋውን ታናሽነት ብቻ አይተን ወደ ታች አንክተተው። የጻፈውን ሰው ጠርተን «ይህ ዕቃ ቢቀር ምን ይቀራል?» ብለን እንጠይቀው። መልሱን ከሰማን በኋላ መፈረሙም ሆነ ማቈየቱ በዕውቀት ይሆናል።