የኦዲተር የማሻሻያ ሐሳብና የምክር ቤት ክትትል

የመንግሥት ገንዘብ ከሕዝብ በግብርና በቀረጥ የሚሰበሰብ ስለ ሆነ፣ ወጪውን የሚፈቅደው የሕዝብ ምክር ቤት ነው፤ በተፈቀደው መሠረት መውጣቱን የሚመረምረው ደግሞ ዋናው ኦዲተር ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ግን ከምርመራው በኋላ ስለሚመጣው ነገር ለማስረዳት ነው። ኦዲተሩ ጉድለቱን አግኝቶ እንዲታረም ጽፎ ከሰጠ በኋላ መሥሪያ ቤቱ ሳያርመው ቢቀር፣ የሚጠይቀው ማን ነው?

በመጀመሪያ ሕጉን እንመልከት። በ1948 ዓ.ም. ተሻሽሎ የወጣው ሕገ መንግሥት ዋናው ኦዲተር በንጉሠ ነገሥቱ ተሹሞ ለንጉሠ ነገሥቱና ለፓርላማው ሪፖርት እንዲያቀርብ ያዝዝ ነበር። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 101 ሹመቱን በጠቅላይ ሚኒስትሩ አቅራቢነት ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሰጠ፤ በአንቀጽ 55 ደግሞ ምክር ቤቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎችን የፌዴራል ባለ ሥልጣኖች ጠርቶ እንዲጠይቅ ሥልጣን ሰጠው። እንግዲህ ኦዲተሩ መርምሮ ይጽፋል እንጂ አይቀጣም፤ ምክር ቤቱም ይጠይቃል እንጂ የመሥሪያ ቤቱን ሒሳብ ራሱ አያርምም። የማረም ግዴታ ያለበት የመሥሪያ ቤቱ ኀላፊ ነው።

ይህ ነገር በደብረ ማርቆስ ከተማ በሁለት መንገድ ይሠራል። ዩኒቨርሲቲው የፌዴራል መንግሥት ተቋም ስለ ሆነ ሒሳቡ በፌዴራል ዋና ኦዲተር በኩል አባይን ተሻግሮ አዲስ አበባ ለሚገኘው ምክር ቤት ይደርሳል። በዚያው ከተማ ያለው የምሥራቅ ጎጃም ዞን ቢሮ ግን የክልሉ ስለ ሆነ፣ የሚመለከተው ባሕር ዳር የሚገኘውን የክልሉን ዋና ኦዲተርና የክልሉን ምክር ቤት ነው። ግብር ከፋዩ ግን ያው አንዱ ገበሬና ነጋዴ ነው።

አሁን አንድ ምሳሌ እናስብ። አንድ መሥሪያ ቤት ለግዥ ሠራተኛው የቅድሚያ ክፍያ ይሰጣል፤ ሠራተኛው ደረሰኝ አምጥቶ ሒሳቡን ሳያወራርድ ወደ ሌላ ቦታ ይዛወራል። ኦዲተሩ በዓመቱ መጥቶ «ያልተወራረደ ሒሳብ» ብሎ ይመዘግብና እንዲወራረድ ወይም ገንዘቡ እንዲመለስ የማሻሻያ ሐሳብ ይሰጣል። ኀላፊው «እናስተካክላለን» ብሎ ይመልሳል። በሚቀጥለው ዓመት ኀላፊው ራሱ ይለወጣል፤ አዲሱም «ይህ በእኔ ጊዜ የተደረገ አይደለም» ይላል። ሦስተኛው ዓመት ሲመጣ ደረሰኙም ሠራተኛውም አይገኙም። ማሳሰቢያው ለመሥሪያ ቤቱ ስም የተጻፈ እንጂ ለአንድ ሰው ከነቀነ ቀጠሮው የተሰጠ ስላልሆነ፣ በሹም ሽር መካከል ባለቤት አጣ ማለት ነው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው የአገራችን ተረት የሚጠነክረውም እንደዚህ ባለው ክፍተት ነው።

ለዚህ መድኀኒት ተብሎ በምክር ቤቱ የመንግሥት ወጪን የሚከታተል ቋሚ ኮሚቴ አለ። ኮሚቴው የመሥሪያ ቤት ኀላፊዎችን ኦዲተሮቹ ባሉበት በይፋ ጠርቶ ይጠይቃል፤ የማስተካከያ መርሐ ግብር እንዲያቀርቡም ያዝዛል። እንዲህ ያለው ኮሚቴ በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1861 ዓ.ም. የተቋቋመ ሲሆን፣ ሰብሳቢው ከተቃዋሚው ወገን እንዲሆን በልማድ ጸንቷል። በኛም አገር በ2014 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው ምክር ቤት ሰብሳቢነቱ ለተቃዋሚ ፓርቲ አባል ተሰጥቶ ነበር።

ሆኖም የቃል ተግሣጽ ብቻውን አይበቃም። የዋናው ኦዲተር ዓመታዊ ሪፖርት ለምክር ቤቱ የሚቀርበው አብዛኛውን ጊዜ በግንቦት ወይም በሰኔ ነው፤ የሚመጣው ዓመት በጀት የሚጸድቀውም በዚያው ሰሞን ነው። ሁለቱ ሰነዶች በአንድ አዳራሽ ይገናኛሉ፤ ነገር ግን አንዱ ሌላውን አይጠይቀውም። ለምክር ቤት ከሁሉ የበለጠው ሥልጣን ገንዘብ የመፍቀድ ሥልጣን ነው። ስለዚህ በኔ አስተያየት እያንዳንዱ በጀት ጠያቂ መሥሪያ ቤት ያልፈጸማቸውን የማሻሻያ ሐሳቦች፣ ስንተኛ ዓመታቸው እንደ ሆነ፣ የሚፈጽመው ሰው ማን እንደ ሆነና ቀኑን በአንድ ገጽ ጽፎ ከበጀት ጥያቄው ጋር አያይዞ ቢያቀርብ ይገባል። በጀቱን መቀነስ ተማሪውንና ሕመምተኛውን ይጎዳል የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ እውነትም ነው። መያዝ ያለበት ግን የትምህርቱና የመድኀኒቱ ገንዘብ ሳይሆን፣ እንደ ተሽከርካሪና እንደ ቢሮ ዕቃ ግዥ ያለው ነው።

ነገሩ የሒሳብ ሠራተኞች ብቻ ጉዳይ አለመሆኑን የጎጃም ታሪክ ያስረዳል። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ በፓርላማ ጸድቆ በወጣ ጊዜ የጎጃም ገበሬ የመሬት ልኬታና ርስቱን ማጣት ይሆናል ብሎ ተነሣ፤ በገዥዎቹ ላይ የነበረው የብዝበዛ ቅሬታም ከምክንያቶቹ አንዱ ነበር። መጨረሻው የጠቅላይ ግዛቱ ገዥ መነሣትና የውዝፍ ግብሩ መሠረዝ ሆነ። ሕጉን ምክር ቤት አጽድቆት ነበር፤ ከፋዩ ግን በአስከፋዩ አላመነም። ያልተፈጸመ የኦዲት ማሳሰቢያም እንደዚሁ ነው፤ ጉድለቱ በጽሑፍ ታውቆ ሳይታረም ሲቀር፣ ከገንዘቡ ይልቅ የሚጎድለው የግብር ከፋዩ እምነት ነው።