ግድግዳው ተለካ፤ ደንበኛውስ?

ደብረ ታቦርና ዙሪያዋ ያለን ሰዎች ስለ ካዛንቺስ የምንሰማው ከቢሮና ከሆቴል ሠራተኞች ብቻ አይደለም። መሰንቆ አንጠልጥለው አዲስ አበባ ከገቡ የአገራችን ልጆችም እንሰማለን። ስለዚህ በ2017 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ሰፈሩ ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ነገሩ ለእኛ የሩቅ ወሬ አልነበረም። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ አንድ ጥያቄ በአእምሮዬ ይመላለሳል፦ ግድግዳ በሜትር ይለካል፤ ደንበኛ በምን ይለካል?

አዝማሪ ቤት የገባ ሰው ያውቀዋል። አንዲት ጠባብ ክፍል፣ ዝቅ ዝቅ ያሉ መቀመጫዎች፣ ቢራ ወይም ጠጅ፣ አንድ መሰንቆ፣ አንዲት ድምፃዊት። ብዙ ጊዜ ባልና ሚስት፣ ወይም እህትና ወንድም ናቸው። እንግዳው ግጥም ይሰጣል፣ አዝማሪው ተቀብሎ ያዜማል፣ ሽልማቱም ግንባር ላይ ይለጠፋል። ሙያው በቤተሰብ የሚወረስ ነው፤ ልጅ መሰንቆ መያዝ የሚማረው ከአባቱ ወይም ከአጎቱ ሥር ሆኖ ነው። በደርግ ዘመን የሰዓት እላፊው የሌሊቱን ሥራ አዳክሞት ነበር። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ግን እነዚህ ቤቶች አዲስ አበባ ውስጥ በዙ፤ ካዛንቺስም አንዱ መናኸሪያቸው ሆነ። ፈንድቃ ከእነሱ አንዱ ነበር። ተወዛዋዡ መላኩ በላይ ያንን አዝማሪ ቤት ከአገር ውጭም የሚታወቅ የባህል ማዕከል አደረገው። ካዛንቺስ ሲፈርስ ፈንድቃም ከቦታው ተነሣ። ፈንድቃ ስም ስላለው ተወራለት። ስም የሌላቸው ትንንሾቹ ቤቶችስ?

በደጋው አገር የአዝማሪ ገቢ ወቅት አለው። ሠርግ የሚበዛው ጥርና ሚያዝያ ላይ ነው። በዐቢይ ጾም ሠርግ የለም፤ ክረምት ሲገባም ጭቃው መንገዱን፣ የእርሻ ሥራው ድግሱን ያስቀረዋል። በጾሙ ከተማውም ይቀዘቅዛል እንጂ ክረምቱን ግን ከተማ ያለችው ክፍል ትሸፍነዋለች። ለፋርጣ ወይም ለእስቴ ቤተሰብ እንዲህ ያለችው ክፍል የማዳበሪያ ዋጋ ናት፣ የታናሽ እህት ደብተር ናት። ከአገር ቤት አዲስ የሚመጣ ልጅ መጀመሪያ የሚያድረው እዚያው ነው፤ ሥራ የሚለምደውም እዚያው።

እንግዲህ ቤቱ ይፈርሳል ተባለ እንበል። የ2011 ዓ.ም. የካሳ አዋጅ፣ ቁጥር 1161፣ በዋናነት የሚያሰላው በመሬቱ ላይ ላለ ንብረት ነው። ግድግዳ፣ ጣሪያና አጥር ይቆጠራል። ከሰው ተከራይቶ የሚሠራ ሰው ግን ግድግዳው የእሱ አይደለም። ከ1967ቱ አዋጅ ቁጥር 47 ወዲህ በመንግሥት እጅ በቆየ የቀበሌ ቤት በአነስተኛ ኪራይ የሚሠራም ቤቱ የእሱ አይደለም። የእሱ የሆነው ደንበኛው ነው። ማን ከየት አገር እንደመጣ፣ ማን ምን ሲሉት እንደሚስቅ፣ ማን ስለ እናቱ ሲነሣ እንደሚያለቅስ አዝማሪው ያውቃል። ግጥሙ የሚቆመው በዚህ እውቀት ላይ ነው። ደንበኛው ወደ ገላን ጉራና ወደየአቅጣጫው ሲበተን ይህ ሁሉ በአንድ ሳምንት ይጠፋል። የእድርና የእቁቡ መበተን ሲታከልበት ደግሞ ማበደር የሚችለው ሰውም፣ የሚቀብረው ሰውም አብሮ ይርቃል።

«አገሩ ይመለስ» የሚል አይጠፋም። ወዴት ነው የሚመለሰው? ከ2015 ዓ.ም. ሐምሌ ወዲህ በክልላችን ያለውን ሁኔታ ሁላችንም እናውቃለን። አዝማሪ የሚኖረው በመንገድና በሌሊት ነው። መንገዱም ሌሊቱም ሲያስፈራ ድግሱ ቀንሶ፣ ደጋሹም በጊዜ በሩን ዘግቶ ያድራል። ስለዚህ ከካዛንቺስ የተነሣው ልጅ በሁለት ዝግ በሮች መካከል ነው የቆመው።

መነሣት ለአዲስ አበባ አዲስ አይደለም። ጣሊያኖች ከተማዋን ለነጭና ለጥቁር ከፍለው ሲያቅዱ የአራዳን ገበያ ወደ ምዕራብ ገፉት፤ የዛሬው መርካቶ የቆመው ያኔ ነው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ተራው የዚያው የአራዳ፣ የፒያሳ ሆነ፤ ዶሮ ማነቂያ ፈረሰ። «መርካቶስ ከመነሣት አይደል የተወለደው?» የሚለኝ ይኖራል። ልክ ነው። ግን ያኔ የተዛወረው ገበያ ነው፤ ሻጭም ገዢም ወደ አንድ ቦታ ሄደ። የካዛንቺስ አዝማሪ የተነሣው ለብቻው ነው።

ዋሽንግተን ያሉ ወገኖቻችንም የዚህን ነገር ሌላ መልክ ያውቁታል። ቀድመው አዳምስ ሞርጋን በሚባለው ሰፈር፣ 18ኛው መንገድ ላይ ምግብ ቤቶች ከፈቱ። ኪራይ ሲንር ወደ ዩ ስትሪትና ወደ 9ኛው መንገድ ሄዱ። እ.ኤ.አ. በ2005 አካባቢውን «ትንሿ ኢትዮጵያ» ለማስባል ሲታሰብ ነባሮቹ ጥቁር አሜሪካውያን ቅር አላቸው፤ ሰፈሩ የእነሱ ታሪክ ነበርና። ኪራዩ እዚያም ተከትሎ ደረሰ፤ ብዙዎች ወደ ሲልቨር ስፕሪንግና ወደ አሌክሳንድሪያ አመሩ። እነሱን ያስነሣቸው ገበያው ነው፤ እዚህ የሚያስነሣው የመንግሥት ማስታወቂያ ነው። ትልቁ ልዩነት ግን ጊዜ ነው። እነሱ ዓመታት ወስደው፣ ደንበኛቸው ወደ ሠፈረበት ተከትለው ሄዱ።

ያረጀው ካዛንቺስ ገነት ነበር እያልኩ አይደለም። ብዙ ቤተሰብ በአንድ መጸዳጃ የሚጠቀምበት፣ ጣሪያው የሚያፈስ፣ እሳት ቢነሣ መኪና የማይገባበት ግቢ ነበር። ሰፊ መንገድና ንጹሕ ቤት ማን ይጠላል? የምጠይቀው ልማቱ ነጋዴውንም እንዲያይ ነው። አቅም ያለው ባለይዞታ ሕንፃ ሊሠራ ይችላል፤ አንድ መሰንቆ ያለው ተከራይ ግን አይችልም።

ቢደረግ የማይከብድ ነገር አለ። ከመፍረሱ በፊት ባለቤቱ ብቻ ሳይሆን የንግድ ፈቃድ ያለው ተከራይም ይመዝገብ። ጎን ለጎን ይሠሩ የነበሩ ሰዎች ሲዛወሩ አንድ ላይ ይዛወሩ፤ አሥር አዝማሪ ቤት አንድ መንገድ ላይ ካለ እንግዳው ፈልጎ ይመጣል፤ አንዱን ለብቻው ግን ማንም አይፈልገውም። በአዲሶቹ ሕንፃዎች ምድር ቤት ላይ ትንንሽ ክፍሎች ይቀመጡና ለነባሮቹ ለጥቂት ዓመታት በሚችሉት ኪራይ ይሰጡ። ማስጠንቀቂያውም በወራት እንጂ በቀናት አይሁን። ይህ ደግሞ ለካዛንቺስ ቢዘገይ እንኳ ነገ ለሚነሣው ሰፈር ይደርሳል።

ከሁሉ በፊት ግን ቤት የሚለካው ባለሙያ በመዝገቡ ላይ አንድ ዓምድ ይጨምር፦ እዚህ ቤት ማን ይሠራል? ስንት ሰውስ ከእሱ እጅ ይበላል? መልሱ ውስጥ ከአዲስ አበባ ብዙ ርቀው፣ ጉና ተራራ ሥር የሚኖሩ ሰዎችም ይገኙበታል።