ጠብ ወይስ ጥቃት?

ከማንበባችሁ በፊት፦ «ተጣሉ» በሚለውና «መታት» በሚለው ግሥ መካከል ያለው የትርጉም ልዩነት ምንድን ነው? መልሳችሁን በአእምሯችሁ ይዛችሁ የሚከተለውን ምንባብ አንብቡ።

በሰዋስው ትምህርታችሁ እንደምታስታውሱት፣ አንዳንድ ግሦች ድርጊቱ በሁለት ወገን እኩል መፈጸሙን ያመለክታሉ። «ተጣሉ»፣ «ተጋጩ»፣ «ተሰዳደቡ» በምንልበት ጊዜ ሁለቱም ወገኖች አድራጊዎች፣ ሁለቱም ተደራጊዎች ናቸው። «መታት»፣ «አስፈራራት»፣ «ከቤት አስወጣት» በምንልበት ጊዜ ግን አድራጊው አንድ፣ ድርጊቱ የሚያርፍበትም ሌላ ነው።

ይህ ልዩነት የሰዋስው ጉዳይ ብቻ አይደለም። አንድ ባል ሚስቱን ደብድቦ ፊቷ አብጦ ስትታይ፣ ጎረቤት «ባልና ሚስቱ ማታ ተጣልተው ነበር» ቢል፣ በዚያች አንዲት ግሥ ምክንያት መቺውና ተመቺዋ እኩል ጥፋተኞች ሆነው ይቀርባሉ። የተፈጸመው ድርጊት ግን ጠብ ሳይሆን ጥቃት ነው። ጠብን ሽማግሌ ያበርደዋል፤ ጥቃት ግን በሕግ ሊታይ የሚገባው ጉዳይ ነው። ስለዚህ ነገሩን ለመረዳት የመጀመሪያው እርምጃ በትክክለኛ ስሙ መጥራት ነው።

ሀ. የቤት ውስጥ ጥቃት ምንድን ነው?

የቤት ውስጥ ጥቃት ማለት በትዳር፣ በዝምድና ወይም በአብሮ መኖር ከተሳሰሩ ሰዎች መካከል አንዱ ሌላውን በፍርሃት በሥልጣኑ ሥር ለማዋል የሚፈጽመው የኀይል ድርጊት ነው። ተጠቂዎቹ ሕፃናት፣ አረጋውያን፣ የቤት ሠራተኞች፣ አንዳንድ ጊዜም ወንዶች ሊሆኑ ይችላሉ፤ ይሁን እንጂ በብዛት የሚጎዱት ሴቶች በመሆናቸው ይህ ምንባብ በእነርሱ ላይ ያተኩራል።

ጥቃቱ በዱላና በጥፊ ብቻ አይወሰንም። መደብደብ፣ ማነቅና ማቃጠል አካላዊ ጥቃት ነው። ዘወትር መስደብ፣ «እገድልሻለሁ» እያሉ መዛት፣ ከወላጅና ከወዳጅ መነጠል ሥነ ልቡናዊ ጥቃት ይባላል። ያለ ፈቃድ በማስገደድ የሚፈጸም ግንኙነት ወሲባዊ ጥቃት ነው። የቤት ወጪ መከልከል፣ የሠራችበትን ገንዘብ መንጠቅ፣ ሥራ እንዳትይዝ ማገድ ደግሞ ኢኮኖሚያዊ ጥቃት ነው። አካላዊው ጥቃት ጠባሳው ስለሚታይ ቶሎ ይታወቃል፤ ሌሎቹ ግን ምልክታቸው በገላ ላይ ስለማይወጣ ለረጅም ዘመን ተሰውረው ይኖራሉ።

ጥቃት አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቀን ደርሶ የሚያበቃ አይደለም። አጥቂው ከመታ በኋላ ይጸጸታል፤ ይቅርታ ይጠይቃል፤ «ሁለተኛ አይለምደኝም» ይላል። ጥቂት የሰላም ቀኖች ያልፋሉ፤ ከዚያም በትንሽ ሰበብ ዱላው ይመለሳል። እንግዲህ «ለምን ጥላው አትሄድም?» ብሎ መጠየቅ ቀላል ነው። ነገር ግን በእጇ ገንዘብ የሌላት፣ ልጆቿን ለማን እንደምትተው ያላወቀች፣ ወላጆቿም «ችለሽ ኑሪ፤ ትዳር እንዲህ ነው» ብለው የሚመልሷት ሴት የመውጫው በር ጠባብ ይሆንባታል። የይቅርታውም ቀን ተስፋ ስለሚሰጣት ነገን ትጠብቃለች።

የችግሩን ስፋት ከጥናት እንመልከት። በ2008 ዓ.ም. በአገራችን የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት የሆነ፣ ትዳር ከያዙ ወይም ይዘው ከነበሩ ሴቶች መካከል ከመቶ 34ቱ በባላቸው አካላዊ፣ ወሲባዊ ወይም ስሜታዊ ጥቃት እንደ ደረሰባቸው አመልክቷል። አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች መካከል እርዳታ የጠየቁት ከመቶ 23ቱ ብቻ ናቸው። ከዚህ ይልቅ የሚያስገርመው ሌላው ውጤት ነው። ባል ሚስቱን ምግብ በማሳረሯ፣ ሳትነግረው በመውጣቷ ወይም በመሰል ምክንያት ቢመታት ተገቢ ነው ብለው የመለሱት ከሴቶች ከመቶ 63ቱ፣ ከወንዶች ደግሞ ከመቶ 28ቱ ነበሩ። ይህም ልማድ በተጠቂዋ በራሷ ልብ ውስጥ ሳይቀር ምን ያህል ሥር እንደ ሰደደ ያሳያል። ሴት በዱላ ትገዛለች የሚሉ የቆዩ አባባሎች ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፉ እውነት ይመስላሉና።

ለ. ሕጉ ከየት ተነሥቶ የት ደረሰ?

ልማድ ብቻ ሳይሆን ሕጉም ቀድሞ ለባል ያደላ ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 635 ባልን የቤተሰቡ የበላይ አድርጎ፣ ሚስት ሕጋዊ በሆነው ትእዛዙ ሁሉ እንድትታዘዘው ይደነግግ ነበር። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም የሰውን አካል መጉዳት በጠቅላላው ቢከለክልም፣ በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸመውን ጥቃት ለይቶ የሚጠቅስ አንቀጽ አልነበረውም።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ታላላቅ ለውጦች ተደርገዋል። አንደኛ፣ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ባልና ሚስት በጋብቻ ውስጥ እኩል መብት እንዳላቸው፣ በአንቀጽ 35 ደግሞ በሴቶች አካል ወይም አእምሮ ላይ ጉዳት የሚያደርሱ ሕጎችና ልማዶች የተከለከሉ መሆናቸውን ደነገገ። ሁለተኛ፣ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የባልን የበላይነት አስቀርቶ፣ ተጋቢዎች የመከባበርና የመደጋገፍ ግዴታ እንዳለባቸው፣ ቤተሰቡንም በእኩልነት እንደሚመሩ አወጀ። አብዛኞቹ ክልሎችም የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ አውጥተዋል። ሦስተኛ፣ በ1996 ዓ.ም. የወጣውና በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 564፣ በትዳር ጓደኛ ወይም ከጋብቻ ውጭ አብሮ በሚኖር ሰው ላይ የሚፈጸም የኀይል ድርጊት እንደ ጉዳቱ መጠን እንደሚያስቀጣ በግልጽ አሰፈረ። ቅጣቱም ከባድ የአካል ጉዳት በደረሰ ጊዜ እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ሊደርስ ይችላል። ጉዳት ሳያደርስ በእጅ እልፊት የተፈጸመ ጥቃት እንኳ ከሕግ ዓይን አያመልጥም።

ይህ ማለት ግን ሕጉ ጎዶሎ የለውም ማለት አይደለም። ለምሳሌ ስለ አስገድዶ መድፈር የሚናገረው የዚሁ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 620 ወንጀሉን ከጋብቻ ውጭ በሚፈጸመው ስለሚወስነው፣ በትዳር ውስጥ ያለውን አይሸፍንም። ሕጉም አጥቂውን መቅጣት እንጂ፣ ጉዳት ከመድረሱ በፊት ወደ ተጠቂዋ እንዳይቀርብ የሚያግድ ልዩ የጥበቃ ትእዛዝ አልደነገገም።

ሐ. ተጠቂዋ ወዴት ትሂድ?

ሕግ በመጽሐፍ ላይ ብቻ ቢቀር ማንንም አያድንም። ቀላል የአካል ጉዳትና የእጅ እልፊት በመሠረቱ የሚያስከስሱት ተበዳይዋ ራሷ አቤቱታ ስታቀርብ ነው፤ አቤቱታውም ድርጊቱን ወይም አድራጊውን ካወቀችበት ቀን ጀምሮ በሦስት ወር ውስጥ መቅረብ ይኖርበታል። ስለዚህ ዝምታው በረዘመ ቁጥር መብቱ ያልፋል።

ጥቃት የደረሰባት ሴት በመጀመሪያ ራሷንና ልጆቿን ከአደጋ ቦታ ታርቅ። ቀጥሎ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ሄዳ ትታከም፤ የሐኪም ማስረጃም ትቀበል፤ ቁስል ይድናልና፣ በኋላ በፍርድ ቤት የሚናገርላት ይህ ወረቀት ነው። ከዚያም ለፖሊስ ታመልክት፤ ፖሊስ ምርመራውን አጣርቶ ለዐቃቤ ሕግ ያቀርባል። በአዲስ አበባ የጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታልን በመሰሉ ማዕከሎች ወሲባዊ ጥቃት የደረሰባቸው ሴቶችና ሕፃናት ሕክምናን፣ ምክርንና የሕግ አገልግሎትን በአንድ ስፍራ ያገኛሉ። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነፃ የሕግ ምክር ይሰጣል፤ የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበርም መጠጊያ ላጡ ሴቶችና ልጆቻቸው መጠለያ አዘጋጅቷል።

ትዳሩ ይፍረስ የምትል እንደ ሆነም፣ ፍቺን የመወሰን ሥልጣን የፍርድ ቤት ነው። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 82 መሠረት፣ ክርክሩ በሚታይበት ጊዜ ፍርድ ቤቱ ስለ ቀለብ፣ ስለ ልጆች አጠባበቅና ስለ ንብረት ትእዛዝ ይሰጣል፤ ከሁለቱ አንዱ ከቤት መውጣት ካስፈለገም የልጆቹን ጥቅም አይቶ ይወስናል። ሽማግሌዎች ቅን ፈቃድ ያላቸውን ሰዎች ማስታረቅ ይችላሉ፤ ነገር ግን የተደበደበችን ሴት «ለልጆችሽ ስትይ» ብለው ወደ ዱላው ቢመልሷት፣ እርቅ ሳይሆን ሁለተኛ በደል ፈጸሙባት ማለት ነው።

መ. የእናንተ ድርሻ

ምናልባት ከእናንተ መካከል ይህን ምንባብ የሚያነብ፣ ማታ ማታ የእናቱን ልቅሶ የሚሰማ ተማሪ ይኖር ይሆናል። እንዲህ ያለህ ወይም ያለሽ ተማሪ፣ ጥፋቱ የእናንተ አለመሆኑን እወቁ። በዱላው መካከል ገብታችሁ ሕይወታችሁን ለአደጋ አትስጡ፤ ነገር ግን ዝም አትበሉ። ለምታምኑት ዘመድ ወይም መምህር ንገሩ። ገበናን መሸፈን መልካም ልማድ ነው፤ ወንጀልን መሸፈን ግን ገበናን መሸፈን አይደለም።

ነገ እናንተም ትዳር ትመሠርታላችሁ። በዚያን ጊዜ የምትኖሩበት ቤት በፍርሃት ወይም በመከባበር ይቆም እንደ ሆነ፣ ዛሬ በምትናገሩትና በምታምኑት ነገር መወሰን ይጀምራል። እንግዲህ ጥቃትን «ጠብ» ሲሉ ስትሰሙ፣ «ማን መታ? ማንስ ተመታ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ጥያቄዎች

1. ጸሐፊው «ጠብ»ንና «ጥቃት»ን የለየው በምን ምክንያት ነው?
2. የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግና የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ በባልና በሚስት ግንኙነት ላይ ያላቸውን ልዩነት ጻፉ።
3. የሐኪም ማስረጃ ለምን ይጠቅማል?
4. «ባልና ሚስቱ ማታ ተጣልተው ነበር» የሚለውን ዓረፍተ ነገር፣ አድራጊውና ተደራጊዋ ተለይተው እንዲታወቁ አድርጋችሁ ጻፉ።
5. በአካባቢያችሁ ጥቃትን የሚያበረታታ አንድ አባባል መርጣችሁ፣ ስሕተቱን በምክንያት የሚያስረዳ የሦስት አንቀጽ ገላጭ ድርሰት አዘጋጁ።