የተመላላሽ ሕሙማን ነርስና የቤተ ሰብ አደራ

ማለዳ በአንድ ጤና ጣቢያ ደጃፍ የተገኘ ሰው ካርድ ለማውጣት የተሰለፈውን ሕዝብ ይመለከታል። ሕፃን ያዘለች እናት፣ ምርኩዝ የያዙ አረጋዊ፣ ከአሠሪው ፈቃድ ጠይቆ የመጣ ሠራተኛ፣ ሁሉም ተራውን ይጠባበቃል። ከእነዚህ መካከል የሚበዙት አልጋ ይዘው የሚተኙ አይደሉም፤ ታይተውና መድኃኒታቸውን ተቀብለው በዚያው ቀን ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። ስለዚህም ተመላላሽ ሕሙማን ይባላሉ። እነርሱን በመጀመሪያ ተቀብላ የምታነጋግራቸው ብዙውን ጊዜ ነርሷ ናት፤ እርሷም አንዳንድ ጊዜ ከትምህርት ከወጣች ዓመት ያልሞላት ወጣት ትሆናለች። በዚህ ጽሑፍ የዚህችን ወጣት ሥራ ለአንባብያን ማስረዳት ፈልገናል፤ ሥራዋ በጤና ጣቢያው በር ላይ ሳያበቃ እስከ እያንዳንዳችን ቤት ይደርሳልና።

ሕሙማንን ማስታመም በአገራችን ከጥንት ጀምሮ የእናትና የእኅት ሥራ ሆኖ ኖሯል። ማስታመም በትምህርት የሚገኝ ሙያ ሆኖ በዓለም እንዲታወቅ ብዙ የደከመችው ፍሎረንስ ናይቲንጌል ስትሆን፣ የነርሶች ትምህርት ቤቷም በለንደን በ1860 እ.ኤ.አ. ተከፍቷል። ከእኛም ወገን ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በስደት ዘመን ለንደን በሚገኘው የግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ተምረው በ1939 እ.ኤ.አ. በነርስነት ተመርቀዋል። የንጉሠ ነገሥት ልጅ የሕሙም ሕፃናትን ገላ ለማጠብ ካላፈሩ፣ ይህን ሙያ ዝቅተኛ አድርጎ የሚመለከት ሰው አሳቡን መመርመር ይገባዋል። ዛሬም ሴቶችና ወንዶች ወጣቶች በየዩኒቨርሲቲውና በየኮሌጁ ተምረው፣ ተፈትነውና የሙያ ፈቃድ ተቀብለው ወደዚህ ሥራ ይገባሉ።

አዲሲቱ ነርስ በተመላላሽ ክፍል የምትጀምረው ቀላል ከሚመስል ነገር ነው። የሰውነት ሙቀት ትለካለች፤ የልብ ትርታና ትንፋሽ ትቆጥራለች፤ የደም ግፊትና ክብደት ትመዘግባለች። ዳሩ ግን በዚህ ልክና ቁጥር ውስጥ የሰው ሕይወት አለበት። ስለ ሕፃን ሳል እንናገር። ዕድሜው ከ2 እስከ 12 ወር የሆነ ሕፃን ሳል ይዞት በደቂቃ 50 ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ ቢተነፍስ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ያለው ደግሞ 40 ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ ቢተነፍስ፣ የሳንባ ምች ያስጠረጥራል። ይህን ለማወቅ ሕፃኑ ሳያለቅስ አንድ ደቂቃ ሙሉ መቁጠር ያስፈልጋል። በውጭ ሰልፉ ረዝሟል፤ ሕዝቡ ያጉረመርማል፤ እናቲቱም «ጉንፋን ብቻ ነው» ትላለች። በዚያች ሰዓት ወጣቷ ነርስ ቆጠራውን በግማሽ አቋርጣ «የሚቀጥለው ይግባ» ብትል የሚያያት ላይኖር ይችላል። የሙያው ፈተና በዚህች በአንዲት ደቂቃ ላይ ነው። እንዲሁም መጥባት ወይም መጠጣት ያቃተውን፣ የቀመሰውን ሁሉ የሚያስመልሰውን፣ ያንቀጠቀጠውን ወይም የፈዘዘውን ሕፃን ከሰልፉ ለይታ ያለ ተራው እንዲታይ ታደርጋለች።

የተኛ ሕመምተኛ ሌሊትም ቀንም በነርሶች ዓይን ሥር ነው፤ ጠዋት የተረሳው ነገር ማታ ሊታረም ይችላል። ተመላላሹ ግን ጥቂት ደቂቃ ታይቶ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ አልጋው በቤቱ ነው፤ አስታማሚዎቹም ሚስቱ፣ ልጆቹና ጎረቤቶቹ ናቸው። ስለዚህ የተመላላሽ ክፍል ነርስ ዋና ጥበብ አጥርቶ መጠየቅና በሚገባ ማስረዳት ነው።

ከቀድሞ ተማሪዎቻችን አንዷ በሥራዋ የመጀመሪያ ዓመት ልትጠይቀን መጥታ ይህን አጫውታናለች። አንድ አረጋዊ በየወሩ ለክትትል ይመጣሉ፤ መድኃኒት ይሰጣቸዋል፤ የደም ግፊታቸው ግን ከ140 በ90 በላይ እንደ ሆነ ይቀራል። አንድ ቀን መጠኑን ብቻ መዝግባ ከማለፍ ይልቅ፣ «አባቴ፣ ኪኒኑን እንዴት ነው የሚወስዱት?» ብላ ጠየቀቻቸው። እርሳቸውም «ራሴን ሲያመኝ እውጣለሁ፤ ካላመመኝ ለምን እጨርሰዋለሁ?» አሏት። የደም ግፊት ሕመም ሳይሰማ ልብን፣ ኩላሊትንና አንጎልን እንደሚጎዳ፣ መድኃኒቱም በየቀኑ እንደሚወሰድ በእርጋታ አስረዳቻቸው። ከዚያም አብራ የመጣችውን ምራታቸውን ጠርታ ሁለቱም የሰሙትን መልሰው እንዲነግሯት አደረገች። በሚቀጥለው ወር ሲመጡ ግፊታቸው ወርዶ ተገኘ። መድኃኒቱ ያው ነበር፤ የተጨመረው አንድ ጥያቄና አንድ ማብራሪያ ነው።

ነርሷ የምትነግረንን ቤት ገብተን ካልፈጸምነው ግን ድካሟ ከንቱ ይሆናል። ሕፃን ተቅማጥ ሲይዘው የሚሰጠው አንድ ከረጢት ኦአርኤስ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ይበጠበጣል፤ ከ24 ሰዓት በኋላ የተረፈው ይደፋል። በትንሽ ብርጭቆ አወፍሮ መበጥበጥ ለሕፃኑ ጉዳት ነው። በቀን 3 ጊዜ በየ8 ሰዓቱ የታዘዘ መድኃኒት ከንጋቱ 12 ሰዓት፣ ከቀኑ 8 ሰዓትና ከምሽቱ 4 ሰዓት ሊወሰድ ይችላል። የተለመደው የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና 6 ወር ይፈጃል፤ ሳሉ ስለ ቆመ በ2ኛው ወር መተው በሽታው መድኃኒቱን እንዲለምድ ያደርገዋል።

በተለይ በጾም ወራት ነርሷን የሚያስጨንቃት ነገር አለ። ኢንሱሊን የሚወጋ የስኳር ሕመምተኛ መርፌውን ተወግቶ እስከ 9 ሰዓት ቢጾም፣ የደሙ ስኳር ወርዶ ራሱን ሊስት፣ ሕይወቱም ልታልፍ ትችላለች። ብዙዎች ይህን ለነርሷ ሳይናገሩ ይቀራሉ፤ ነገር ግን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም»። ሕመምተኛ ጾም ሲገባ አስቀድሞ ሐኪሙንና የንስሐ አባቱን ያማክር፤ ቤተ ክርስቲያን ለድውያን የምትራራ እናት ናትና።

እንግዲህ ቤተ ሰቦች የሚከተለውን ልብ እንዲሉ እናሳስባለን። ወደ ሕክምና ስትሄዱ የቀድሞ ካርዳችሁንና የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ይዛችሁ ሂዱ። አረጋውያንን ብቻቸውን አትላኩ። ያልገባችሁን ሳታፍሩ ጠይቁ። ወጣቷን ነርስ «ይህች ልጅ ምን ታውቃለች?» ብላችሁ አታሳንሷት፤ ሰው በተሰበሰበበት የተዋረደች ወጣት በሚቀጥለው ጊዜ ለመጠየቅ ትፈራለች፤ የፍርሃቷም ዋጋ በሌላው ሕመምተኛ ላይ ይደርሳል። ልጃችሁ ይህን ሙያ ቢመርጥ ወይም ብትመርጥ ደግሞ ዕውቀትን ብቻ ሳይሆን ትዕግሥትንና ምሥጢር መጠበቅን ከቤት አስተምሩ።

ደጉ ሳምራዊ የቆሰለውን ሰው ዘይትና ወይን አፍስሶ ካከመ በኋላ ለእንግዳ ማደሪያው ጠባቂ አደራ ሰጥቶት መሄዱን ከወንጌል ተምረናል። ስለ ሳምራዊው ብዙ ይሰበካል፤ አደራውን ስለ ተቀበለው ሰው ግን እምብዛም አይነገርም። የተመላላሽ ሕሙማን ነርስም ያላትን ሰጥታ ሕመምተኛውን ወደ ቤት ስትሸኝ፣ አደራውን የምንቀበለው እኛ ቤተ ሰቦቹ ነን።