የውሻ ሐኪም ቢል፦ የትኛውን እንክፈል፣ የትኛውን እንጠይቅ?



የውሻችንን ፎቶ እዚህ ከለጠፍኩ ወዲህ በውስጥ መስመር የሚደርሰኝ ጥያቄ በአብዛኛው አንድ ነው፦ «ሐኪም ቤቱ በዓመት ስንት ያስወጣል?» ጠያቂዎቹ እንደኔው ቨርጂኒያ፣ ሜሪላንድና ዲሲ የሚኖሩ፣ ልጆቻቸው «ውሻ ካልገዛችሁልን» ብለው መውጫ መግቢያ ያሳጧቸው ወላጆች ናቸው። ለየብቻ ከምመልስ አንድ ላይ ልጻፈው። የማወራው ስለ ጤነኛ ውሻ መደበኛ ክትትል ነው፤ ክትባት፣ ዓመታዊ ምርመራ፣ የትልና የመዥገር መከላከያ፣ ጥርስ። አደጋና ቀዶ ሕክምና ሌላ ጊዜ።

ዋናውን ነገር አስቀድሜ ልናገር። ቢሉ ላይ ሦስት ዓይነት ወጪ አለ፦ በምንም ምክንያት የማይዘለል፣ እንደ ውሻው አኗኗር የሚወሰን፣ ሌላ ቦታ በርካሽ የሚገኝ። ሦስቱ ተደባልቀው በአንድ ወረቀት ስለሚመጡ ሁሉም እኩል ግዴታ ይመስላሉ። መርካቶ ለአንድ ኪሎ ሽንኩርት ሲከራከር የኖረ ሰው፣ ጋውን የለበሰ ሰው ፊት ሲቀርብ ዋጋ መጠየቅ ያፍራል። «ለውሻው ሳሳ» እንዳይባል ዝም ብሎ ካርዱን ያወጣል። ይሉኝታ እዚህ አገር በዶላር ይከፈላል።

🔹 ቢሉ ምን ይመስላል?

አንድ ወዳጄ ያሳየኝን ደረሰኝ በፈቃዱ ላካፍላችሁ። ውሻው መካከለኛ ነው፣ ጤነኛ ነው፣ የሄደው ለዓመታዊ ምርመራ ብቻ ነው።

ሐኪሙ ያየበት 75 ዶላር
የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት 30
ዲስቴምፐርና ፓርቮን የያዘው ጥምር ክትባት 45
የሌፕቶ ክትባት 35
የላይም ክትባት 45
የኬኔል ሳል ክትባት 35
የልብ ትልና የመዥገር በሽታዎች የደም ምርመራ 55
የሰገራ ምርመራ 45
«የሕክምና ቆሻሻ ማስወገጃ» 5

ይህ 370 ዶላር ነው። የአሥራ ሁለት ወር መከላከያ መድኃኒት እዚያው ሲገዛ 300 ተጨመረበትና 670 ገባ። ከደሴ ለጥየቃ የመጡት እናቱ ነገሩን ሲሰሙ «ልጄ፣ በዚህ ገንዘብ እኮ መንጋ በግ ይገዛል!» አሉ። አልተሳሳቱም።

ለምን እንዲህ ተወደደ? እኛ ስንታከም ከኋላ ኢንሹራንስ ስላለ እውነተኛውን ዋጋ አናየውም፤ ለውሻ ግን ሙሉው ሂሳብ ፊት ለፊታችን ይመጣል። ክሊኒኩ ራጁንም፣ ላቦራቶሪውንም፣ ፋርማሲውንም፣ ማደንዘዣውንም በአንድ ጣሪያ ሥር ይዞ ያስተዳድራል። በዚያ ላይ በግለሰብ ሐኪሞች ተይዘው የኖሩ ብዙ ክሊኒኮች በትልልቅ ኩባንያዎች እየተገዙ ነው። ስኒከርስና ኤም ኤንድ ኤምስ የሚሠራው ማርስ ባንፊልድ የሚባለውን የክሊኒክ ሰንሰለት ይዞ ነበር፤ በ2017 ደግሞ ቪሲኤ የሚባለውን ሌላ ትልቅ ሰንሰለት ዕዳውን ጨምሮ ወደ 9 ቢሊዮን ዶላር በሚጠጋ ዋጋ ጠቀለለው። ለውሻ መርዝ የሆነውን ቸኮሌት የሚሸጠውም፣ ቸኮሌት የበላን ውሻ የሚያክመውም አንድ ባለቤት ሆነ ማለት ነው። ሐኪሞቹ ክፉ ናቸው እያልኩ አይደለም፤ አብዛኞቹ እንስሳ ወደው የገቡበት ሙያ ነው። የዋጋ ዝርዝሩን የሚያወጣው ግን ሁልጊዜ እነሱ አይደሉም።

🔹 የማይዘለሉት

አንደኛ፣ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት። ቨርጂኒያም፣ ሜሪላንድም፣ ዲሲም አራት ወር የሞላው ውሻ እንዲከተብ በሕግ ያስገድዳሉ። ሀገር ቤት ያደግን ሰዎች ለዚህ በሽታ ማብራሪያ አያሻንም፤ በሆድ ላይ በተከታታይ ቀናት የሚወጋውን መርፌ ያልሰማ የለም። አሜሪካ ከውሻ ወደ ውሻ የሚተላለፈውን የቫይረስ ዓይነት ማጥፋቷን በ2007 አሳውቃለች፤ በሽታው ግን በራኩን፣ በስካንክ፣ በቀበሮና በሌሊት ወፍ ላይ እንዳለ ነው። እኛ አካባቢ ያለው የራኩን ወረርሽኝ በ1970ዎቹ መጨረሻ ዌስት ቨርጂኒያ ላይ የጀመረ ሲሆን፣ መነሻው አዳኞች ከደቡብ ያመጧቸው ራኩኖች እንደሆኑ ይታመናል። ዛሬ ማታ የቆሻሻ ገንዳችሁን የሚገለብጠው እንግዳ የእነዚያ ዘር ነው።

ያልተከተበ ውሻ ካበደ እንስሳ ጋር ከተነካካ ምርጫው ከባድ ነው፦ ወይ በመርፌ ይገደላል፣ ወይ ለወራት ተለይቶ ይዘጋበታል። የተከተበ ከሆነ ወዲያው ማጠናከሪያ ተወግቶ ቤቱ ሆኖ 45 ቀን ይጠበቃል። የ30 ዶላር መርፌ የሚገዛላችሁ ይህንን ልዩነት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጠይቁ። የመጀመሪያው ክትባት ለአንድ ዓመት ብቻ ያገለግላል። ከዚያ በኋላ ግን የሦስት ዓመት ክትባት አለ። «የሦስት ዓመቱን ስጡኝ» በሉ፣ የምስክር ወረቀቱ ላይም ቀኑን አይታችሁ ውጡ። በብዙ ካውንቲዎች የእንስሳት መጠለያዎች በተወሰኑ ቅዳሜና እሑዶች የክትባት ፕሮግራም ያካሂዳሉ፤ የምርመራ ክፍያ ስለሌለው ዋጋው ከመደበኛው ክሊኒክ በጣም ያንሳል። የውሻውን ላይሰንስም አትርሱ፤ ፌርፋክስ ካውንቲ በዓመት 10 ዶላር ነው፣ ዲሲ ደግሞ ለመከነ ውሻ 15፣ ላልመከነ 50።

ሁለተኛ፣ ዲስቴምፐርና ፓርቮ። ለቡችላ ከስድስት ወይም ከስምንት ሳምንት ዕድሜ ጀምሮ በየሦስትና አራት ሳምንቱ፣ አሥራ ስድስት ሳምንት እስኪሞላው ድረስ ይደጋገማል። የመጀመሪያው ዓመት ከሌላው የሚወደደውም ለዚህ ነው፤ ማምከኑም በዚያው ጊዜ ይመጣል። ፓርቮ አፈር ውስጥ ለወራት የሚቆይ ቫይረስ ነው። የያዘው ቡችላ እያስመለሰውና ደም እያስቀመጠው ሆስፒታል ይተኛል፤ ቢሉም በሺዎች ይቆጠራል፣ መዳኑም ዋስትና የለውም። ቡችላው ዓመት ሲሞላው አንድ ማጠናከሪያ ከወሰደ በኋላ ግን ይህ ክትባት በየሦስት ዓመቱ ነው። የወዳጄ ውሻ በየዓመቱ ነበር የሚወጋው።

ሦስተኛ፣ የልብ ትል። ሀገር ቤት ስለዚህ በሽታ ብዙ ስለማይወራ ሰዎቻችን ከሁሉም በላይ የሚዘልሉት ይህን ነው። አስተላላፊው ትንኝ ነው። የትሉ እጮች በንክሻው ገብተው በስድስት ወር ገደማ ያድጉና በልብና በሳንባ የደም ሥሮች ውስጥ ይሰፍራሉ፤ ሴቷ ትል እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ትረዝማለች፣ በውሻ ውስጥም ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ትኖራለች። ሕክምናው ከአርሴኒክ የተሠራ መድኃኒት ወገብ ላይ ባለው ጥልቅ ጡንቻ ሦስት ጊዜ መውጋት ነው። በዚያ ጊዜ ሁሉ ውሻው መሮጥ የለበትም፤ የሞቱት ትሎች ሳንባው ውስጥ ሄደው ሊደፍኑበት ይችላሉ። ወጪው ከ1,000 ዶላር በላይ ነው። መከላከያው ደግሞ በወር አንዴ የምትሰጥ የምትታኘክ ክኒን ናት፤ በየወሩ የምትገድለው ባለፉት ሳምንታት የገቡትን እጮች ስለሆነ «ክረምት ነው፣ ትንኝ የለም» ብሎ መዝለል አይመከርም።

በብዙዎቹ ክኒኖች ውስጥ ያለው አይቨርሜክቲን ነው። ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ያደገ ሰው ያውቀዋል፤ ኦንኮሰርካ ለሚባለውና ዓይን ለሚያጠፋው በሽታ ለሕዝብ የሚታደለው መድኃኒት ነው። ያገኙት ተመራማሪዎች በ2015 ኖቤል ተሸልመውበታል። ይህን የሰሙ አንዳንድ ወገኖች «ታዲያ የከብቱን ገዝተን ብናካፍለውስ?» ይላሉ። በፍጹም! የከብቱ መጠን ለውሻ የትየለሌ ነው፤ እንደ ኮሊና አውስትራሊያን ሼፐርድ ያሉ ዝርያዎች ደግሞ በተፈጥሮ መድኃኒቱ ወደ አንጎላቸው ስለሚገባ ሊሞቱ ይችላሉ።

🔹 እንደ አኗኗሩ የሚወሰኑት

የኬኔል ሳልና የውሻ ጉንፋን ክትባት የሚያስፈልገው ውሻችሁ ማደሪያ ቤት የሚውል፣ ጸጉር ማስተካከያ የሚሄድ ወይም የውሻ ፓርክ የሚያዘወትር ከሆነ ነው። የላይም ክትባት ሣርና ጫካ ለሚገባ ውሻ ይጠቅማል፤ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ የመዥገር አገር ናቸውና ከሐኪሙ ጋር ተማከሩ። ሌፕቶን ግን በቀላሉ አትሰርዙት። በአይጥ ሽንት በተበከለ ውኃ ይተላለፋል፣ ኩላሊትና ጉበት ያጠቃል፣ ወደ ሰውም ይሻገራል። ሐኪሞች አሁን ለአብዛኛው ውሻ ይመክሩታል፤ አይጥ የሞላበት ከተማ ውስጥ ለምንኖር 35 ዶላር አያስቆጭም።

🔹 ሌላ ቦታ የሚገዛው

የቢሉ ትልቁ መስመር መከላከያ መድኃኒቱ ነው፤ ቁጠባውም ያለው እዚያ ላይ ነው። ክሊኒኩ ውስጥ መግዛት ግዴታ የለባችሁም። የጽሑፍ ማዘዣ ጠይቁና ኮስትኮ ፋርማሲ ወይም የታወቁ የኢንተርኔት ፋርማሲዎች ላይ ዋጋ አወዳድሩ። ዋጋው በክብደት ስለሚለያይ ኪሎውን በትክክል ያዙ። ለልብ ትል ብቻ የሚሆን የምርት ስም የሌለው ክኒን፣ ሁሉን በአንድ ከያዘው ታዋቂ ክኒን በጣም ይረክሳል፤ ለቁንጫና ለመዥገር ሌላ ነገር ለብቻው ይገዛል።

ወዳጄ በዚህ ዓመት ቁጭ ብለን ስንቆጥር፣ ተራቸው ያልደረሰውን ሁለት ክትባቶችና ማደሪያ ቤት ለማይውል ውሻ የሚሰጠውን የኬኔል ሳል መርፌ አወጣ፤ 110 ዶላር። መድኃኒቱን ውጭ ገዝቶ ወደ 100 ቀነሰ። 670 የነበረው 460 አካባቢ ሆነ። የደም ምርመራውንም፣ የልብ ትል መከላከያውንም አልነካም።

🔹 ከቢሉ ውጪ ያለው ወጪ

ጥርስ። በማደንዘዣ የሚደረግ እጥበት ከብዙ መቶ ዶላር ይጀምራል፣ የሚነቀል ካለ ከሺህ ይዘላል። በውሻ የጥርስ ሳሙና ቤት መፋቅ ያንን ቀን ያርቀዋል። የሰው ሳሙና አይሆንም፤ አንዳንዱ ውስጥ ያለው ዛይሊቶል የሚባል ማጣፈጫ ውሻ ይገድላል።

ሁለተኛው የእኛ ማዕድ ነው። ሽንኩርት፣ ጥሬውም የበሰለውም፣ ነጩም ቀዩም፣ የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል። ወጣችን ደግሞ ከሽንኩርት ውጪ ምንድነው? ቅቤ የበዛበት ምግብ ቆሽት ያስቆጣል፣ የበሰለ የዶሮ አጥንት ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል፣ ዘቢብ ኩላሊት ያበላሻል። በዓል ላይ እንግዳ ሁሉ «ይቺን ብቻ» እያለ ከጠረጴዛ ሥር ሲያቀብል የሚያመጣው ጣጣ የሌሊት ድንገተኛ ክፍል ነው፤ እዚያ ደግሞ ሕክምና ሳይጀመር ቀብድ ይጠየቃል። ትልልቅ ሰዎችን መከልከል ይከብዳል፤ እኛ ቤት «ሐኪሙ ከልክሎታል» ስንል ሁሉም ይቀበለናል።

🔹 ኢንሹራንስስ?

የውሻ ኢንሹራንስ በአብዛኛው የሚሸፍነው አደጋንና ሕመምን ነው፤ ያውም እናንተ ከከፈላችሁ በኋላ የሚመለስ። ክትባትና ዓመታዊ ምርመራ የሚገቡት ተጨማሪ ከከፈላችሁ ነው። ተጨማሪውን በአሥራ ሁለት አባዙና ከሚመልሰው ጋር አነጻጽሩት፤ ብዙ ጊዜ እኩል ለእኩል ነው። ቀድሞ የነበረ ሕመም ስለማይሸፍኑ ኢንሹራንስ ከገባችሁ በቡችላነቱ ግቡ። ክሊኒኮች የሚያቀርቡትን የሕክምና ክሬዲት ካርድ ስትፈርሙ ደግሞ ልብ በሉ፦ «ወለድ የለውም» የተባለው ጊዜ ውስጥ ሙሉውን ካልጨረሳችሁ፣ ወለዱ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይቆጠራል።

🔹 ቀጠሮ ያላችሁ እነዚህን ጠይቁ

«ከመጀመራችሁ በፊት የዋጋ ግምቱን በጽሑፍ ታሳዩኛላችሁ?»
«ከእነዚህ ውስጥ ዛሬ የግድ የሆነው የትኛው ነው? ቢቆይ ችግር የሌለውስ?»
«ይህ ክትባት የሦስት ዓመት አለው?»
«ማዘዣውን በወረቀት ትሰጡኛላችሁ?»

ጥሩ ሐኪም በእነዚህ ጥያቄዎች አይከፋም፤ እንዲያውም በጀታችሁን ካወቀ ቅደም ተከተሉን ራሱ ያወጣላችኋል። ፊቱ የሚጠቁር ከሆነ ሌላ ክሊኒክ ፈልጉ።

ገና ላልገዛችሁት ደግሞ፦ ለመካከለኛ ጤነኛ ውሻ ለመደበኛ ክትትል በወር 50 ዶላር፣ ለድንገተኛ የሚጠራቀም ሌላ 50 መድቡ። ምግቡ ከዚህ ውጪ ነው። ይህን 100 ዶላር ለስድስት ወር ውሻው ሳይመጣ በፊት ለብቻው አስቀምጡት። ሳትቸገሩ ከቻላችሁ ልጆቹን ይዛችሁ ወደ መጠለያው ሂዱ። ካቃታችሁም ገንዘቡ እጃችሁ ላይ ነው፤ ልጆቹ ለጊዜው ያኮርፋሉ እንጂ ሳይታከም የሚታመም እንስሳ ቤታችሁ ውስጥ አይኖርም።