የዩኒቨርሲቲ የክረምት ትምህርትና የአቀባበል ደንቡ፤ በተለይ በወላይታ አካባቢ

በአገራችን «የክረምት ተማሪ» ሲባል በአብዛኛው መምህር ማለት ነው። በጋውን ሲያስተምር የቆየው ሰው ሰኔ አልቆ ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ደብተሩን ይዞ ወደ ዩኒቨርሲቲ ይገባል፤ ጳጉሜን ሲቃረብ ተመልሶ ከሰሌዳው ፊት ይቆማል። ልማዱ አዲስ አይደለም፤ በ1950ዎቹ ዓመታት በአዲስ አበባ ለመምህራን የክረምት ኮርስ ይሰጥ ነበር። ጉዳዩን የብዙኃን ያደረገው ግን የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ነው። ፖሊሲው ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ለሚያስተምር የምስክር ወረቀት፣ ከ5ኛ እስከ 8ኛ ዲፕሎማ፣ ለሁለተኛ ደረጃ የመጀመሪያ ዲግሪ እንዲያስፈልግ ስለ ደነገገ፣ በሥራ ላይ ያለውን መምህር ከክፍሉ ሳያስወጡ ደረጃውን ማሳደግ ግድ ሆነ።

የወላይታ መምህር ቀድሞ ዲግሪ ሲሻ ወደ ዲላ፣ ወደ አዋሳ ወይም ወደ አዲስ አበባ ይሄድ ነበር። ወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር መንገዱ አጠረ። ሆኖም ከኪንዶ ዲዳዬ ለሚመጣ መምህር ሶዶም ብትሆን ቅርብ አይደለችም። ሐምሌና ነሐሴ መንገዱ የሚጨቀይበት፣ እርሻውም እጅ የሚፈልግበት ጊዜ ነው፤ የገጠር መምህር ደግሞ ብዙ ጊዜ ገበሬም ነው።

ወደ ክረምት ትምህርት የሚያስገቡ በሮች ሁለት ናቸው። አንደኛው በመንግሥት ወጪ የሚገባበት ሲሆን፣ መምህሩ በወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ተመልምሎ በዞንና በክልል በኩል ለተመደበው ኮታ ይቀርባል። በዚህ በር የአገልግሎት ዘመን፣ የሥራ አፈጻጸም ውጤትና ከመሥሪያ ቤቱ የሚጻፍ ደብዳቤ ይታያሉ። ሁለተኛው በግል ከፍሎ የሚገባበት ነው። በሁለቱም ረገድ ሪጅስትራሩ የቀድሞ ማስረጃዎችን ይጠይቃል፤ በተለይም ኦፊሴላዊው ትራንስክሪፕት በአመልካቹ እጅ ሳይሆን ዲፕሎማውን ከሰጠው ኮሌጅ በታሸገ ፖስታ መምጣት አለበት። በአርባ ምንጭ ወይም በሆሳዕና የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ የተመረቀ ሰው ይህን የሚያስፈጽመው ገና እያስተማረ ሳለ ነው። ለሁለተኛ ዲግሪ የሚያመለክት ደግሞ በ2016 ዓ.ም. መግቢያ የተጀመረውን አገር አቀፍ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ማለፍ ይኖርበታል።

ከደንቡ ሁሉ የበለጠ ክብደት ያለው ግን የትምህርት ዓይነት ተዛማጅነት ነው። ለታችኛው እርከን በ«ክላስተር» የሠለጠነ መምህር ሁሉንም ትምህርት በጥቂት በጥቂቱ ተምሯል፤ በ«ሊኒየር» የሠለጠነው አንዱን ትምህርት ጠለቅ አድርጎ ይዟል። ኋለኛው በሒሳብም ሆነ በባዮሎጂ ዲፕሎማው ላይ ዲግሪውን ይገነባል። ፊተኛው ግን በየትኛውም የትምህርት ክፍል በቂ መሠረት ስለማይኖረው ቦታ ወደሚገኝበት፣ ለምሳሌ ወደ ትምህርት አስተዳደር፣ ያዘነብላል። ውጤቱም የሚታይ ነው፤ የፊዚክስ መምህር የጎደለው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጉድለቱ ሳይሞላ ይቀራል፣ አንደኛ ክፍልን ማንበብ ሲያስተምር የኖረውም ሰው ከዚያ ክፍል የሚያስወጣ እንጂ በዚያው የሚያበረታ ዲግሪ አያገኝም። በዚህ ጽሑፍ አቅራቢ እምነት ምልመላው ከአመልካቹ ተራ ሳይሆን ከትምህርት ቤቱ ጉድለት መነሣት አለበት።

ስለ ጊዜው ጥቂት ስሌት እናቅርብ። ባለ 3 ክሬዲት ኮርስ በ16 ሳምንት 48 ሰዓት ይወስዳል። በ8 ሳምንት ሲታጠፍ በየሳምንቱ 6 ሰዓት፣ አራት ኮርስ ከሆነ 24 ሰዓት ማለት ነው። ለአንድ የክፍል ሰዓት ሁለት የጥናት ሰዓት ይያዝ ቢባል 48 ሰዓት ይጨመርና ሳምንቱ 72 ሰዓት ይሆናል። ይህን የሚችል ጥቂት ነው። ስለዚህ ከሐምሌ በፊት የንባብ ሞጁል ደርሶት በበጋው ያነበበና ባዶ እጁን የመጣ ተማሪ እኩል አይጓዙም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች የመውጫ ፈተና ስለሚሰጥ፣ ተጨናንቆ የታለፈ ኮርስ በመጨረሻ መጋለጡ አይቀርም።

ስለሆነም የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች በየትምህርት ዓይነቱ ያለባቸውን የመምህር ጉድለት እስከ ጥር ቢያሳውቁ፣ ኮታው በዚያው ሊደለደል፣ ሞጁሉም ከመጋቢት በፊት ሊታደል ይችላል። ለክላስተር ምሩቃን ደግሞ በታችኛው እርከን ማስተማር ላይ ያተኮረ የዲግሪ መርሐ ግብር በክረምቱ ሊከፈት ይገባል፤ በመጀመሪያው ክረምትም የአፍ መፍቻ ቋንቋ ንባብ ትምህርት፣ ለወላይታ ማለት ወላይትኛ፣ ቢቀድም ይመረጣል።